የሂውማን ሰርቪስ ዲግሪን አሜሪካ ውስጥ በርቀት መማር፦ ከመመዝገብ በፊት ሊታወቅ የሚገባው

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው በግሩፕ ሆም (የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች በጥቂቱ አብረው እየኖሩ እንክብካቤ በሚያገኙበት ቤት)፣ በነርሲንግ ሆምና በሆም ኬር የሚሠሩ ወገኖቻችን ትምህርት ለመጀመር ሲያስቡ ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ፦ «ሂውማን ሰርቪስ በኦንላይን ብማር ሶሻል ወርከር እሆናለሁ ወይ?» መልሱ አጭር ነው፤ ሶሻል ወርከር፣ ማለትም ፈቃድ ያለው የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ፣ በዚህ ዲግሪ ብቻ አይሆኑም። ይሁን እንጂ ይህን ሰምቶ ነገሩን እርግፍ አድርጎ የሚተው ሰውም ይሳሳታል፤ ዲግሪው የማይሰጠው መብት እንዳለ ሁሉ የሚሰጠውም አለና፣ የሚሰጠውም በተለይ በእንክብካቤ ሥራ ላይ ላለ ሰው ቀላል አይደለም። እኔም ሌሊት ግሩፕ ሆም እየሠራሁ ይህንኑ ትምህርት በርቀት የተማርኩ በመሆኔ፣ በጊዜው የሚያስረዳኝ ባገኝ ኖሮ ብዬ የምቆጭበትን ነገር ነው እዚህ ለማብራራት የምሞክረው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ስሙ ራሱ ያሳስታል። ሂውማን ሰርቪስ ቃል በቃል «ሰብዓዊ አገልግሎት» ተብሎ ሲመለስ፣ የእኛ ሰው ጆሮ የሚሰማው የእርዳታ እህል የሚያከፋፍል ድርጅትን ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን ቃሉ የሚያመለክተው ቤት ያጣን፣ ሱስ የያዘውን፣ የአካል ወይም የአእምሮ እድገት ጉዳት ያለበትን፣ ያረጀንና ጧሪ የሌለውን፣ ከእስር የወጣን፣ ከስደት አዲስ የገባን ሰው ከሚያስፈልገው አገልግሎት ጋር የማገናኘትና ጉዳዩን እስከ መጨረሻው የመከታተል ሥራን ነው። በአገራችን መሥሪያ ቤት ደጃፍ ላይ የምናውቀውን ጉዳይ አስፈጻሚ ያስታውሳል፤ ልዩነቱ ይህኛው የሚሠራው ለሚከፍለው ባለጉዳይ ሳይሆን ለተቋም መሆኑ፣ በሥነ ምግባር ደንብ መታሰሩና ግቡም ባለጉዳዩ ነገ ጉዳዩን በራሱ እንዲፈጽም ማብቃት መሆኑ ነው። ለሥራው የተለመደው መጠሪያ ኬዝ ማኔጀር ነው፤ ኬዝ ወርከር፣ የቤት አገልግሎት አስተባባሪ፣ የስደተኞች መልሶ ማቋቋም ሠራተኛ የሚባሉትም ከዚሁ ቤተሰብ ናቸው።

የሙያው ታሪክ አጭር ነው፤ ግን ማወቁ ይጠቅማል። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በጥቅምት 1963 የማኅበረሰብ የአእምሮ ጤና ሕግን ሲፈርሙ፣ በትልልቅ የመንግሥት ሆስፒታሎች ተዘግቶባቸው የኖሩ ሕሙማን ወደየሰፈራቸው ተመልሰው እዚያው እንዲታከሙ ታሰበ። ይህን ሁሉ ሰው የሚከታተል በቂ ሐኪምና ሶሻል ወርከር ግን አልነበረም። በዚህ የተነሣ በ1960ዎቹ አጋማሽ ሃሮልድ ማክፊተርስ የሚባሉ ሐኪም በደቡብ ግዛቶች የትምህርት ቦርድ በኩል በኮሚዩኒቲ ኮሌጆች የሁለት ዓመት የአእምሮ ጤና ሠራተኞች ሥልጠና እንዲስፋፋ ደከሙ። በኒውዮርክ ደግሞ ኦድሪ ኮኸን በ1964 ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውን ሴቶች በየሰፈራቸው በሚገኙ ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች ለረዳት ባለሙያነት የሚያሠለጥን ድርጅት አቋቋሙ፤ ያ ድርጅት ኋላ ኮሌጅ ሆነ። እንግዲህ ሙያው ገና ሲፈጠር የታሰበው፣ ሰው መርዳትን በሥራ ለሚያውቅና ወረቀቱ ግን ለሌለው ሰው ነበር። ይህን ያወቅሁ ቀን ትምህርቱን የምመለከትበት ዓይን ተለወጠ፤ ከሌላ ሰው ቤት በእንግድነት የገባሁ መስሎኝ ነበርና።

ወደ ሶሻል ወርክ ልዩነት እንመለስ። ሶሻል ወርክ በየስቴቱ ሕግ ፈቃድ የሚጠየቅበት ሙያ ሲሆን፣ ለፈቃዱ ፈተና ለመቀመጥ ዲግሪው የሶሻል ወርክ ትምህርት ምክር ቤት ዕውቅና ከሰጠው ፕሮግራም መገኘት አለበት። የሂውማን ሰርቪስ ዲግሪ ይህን አያሟላም። በብዙ ስቴቶች «ሶሻል ወርከር» የሚለው መጠሪያ ራሱ በሕግ የተጠበቀ ስለሆነ፣ ፈቃድ የሌለው ሰው ራሱን በዚያ ስም ሊጠራ አይችልም። አንድ ሰው በሂውማን ሰርቪስ ባችለር ከያዘ በኋላ የሶሻል ወርክ ማስተርስ ልማር ቢል ግን በሩ ክፍት ነው፤ የማስተርስ ፕሮግራሞቹ ከተለያየ የትምህርት ዘርፍ የመጣን ሰው ይቀበላሉ። የሚያጣው ነገር ቢኖር ጊዜ ነው። በሶሻል ወርክ ባችለር ያለው ተማሪ የመጀመሪያ ዓመቱ ታስቦለት በአጭር ጊዜ ማጠናቀቅ ሲችል፣ የሂውማን ሰርቪሱ ተማሪ ሙሉውን የሁለት ዓመት ትምህርት ይማራል። ስለዚህ ከመነሻው ሕልሙ የምክር ሕክምና መስጠት ወይም ሆስፒታል ውስጥ በፈቃድ መሥራት የሆነ ሰው፣ በርቀት የሚሰጥና ዕውቅና ያለው የሶሻል ወርክ ባችለር ቢፈልግ ይሻለዋል ባይ ነኝ። አሉ፤ ፈልጎ ማግኘት ብቻ ነው።

የሂውማን ሰርቪስ ዲግሪ ታዲያ ለማን ይረባል? በእኔ አስተያየት በመጀመሪያ ደረጃ የሚጠቀሙት ግሩፕ ሆም ውስጥ በቀጥታ ተንከባካቢነት የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። በዋሽንግተን ያሉት ግሩፕ ሆሞች ዝም ብለው የበቀሉ አይደሉም። ፎረስት ሄቨን የሚባለው፣ በሜሪላንድ ሎረል አካባቢ የነበረውና የከተማዋ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ነዋሪዎች የሚታጎሩበት ትልቅ ተቋም፣ ቤተሰቦች በ1976 ክስ መሥርተው ለዓመታት ከተሟገቱ በኋላ በ1991 ተዘጋ፤ ነዋሪዎቹም በከተማዋ ሰፈሮች ውስጥ ወደሚገኙ አነስተኛ ቤቶች ተዛወሩ። ዛሬ በእነዚያ ቤቶች ሌሊት የሚያድሩት፣ የሚያጥቡት፣ የሚያበሉትና መድኃኒት የሚሰጡት ሠራተኞች ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው። በእነዚህ ቤቶች ከተንከባካቢው በላይ ያለው ቁልፍ ደረጃ በምህጻሩ ኪው አይ ዲ ፒ የሚባለው ነው፤ የእያንዳንዱን ነዋሪ የእንክብካቤ ዕቅድ የሚያስተባብረውና የሚከታተለው ባለሙያ ማለት ነው። የፌደራል ደንቡ፣ በሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸውና ለአካል ጉዳተኞች በሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን) ለሚተዳደሩ የመካከለኛ እንክብካቤ ቤቶች፣ ለዚህ ቦታ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ የአእምሮ እድገት ውስንነት ካለባቸው ሰዎች ጋር ቢያንስ የ1 ዓመት የሥራ ልምድ፣ እና ከተዘረዘሩት የሙያ መስኮች በአንዱ መመደብ። ከእነዚህ መስኮች አንዱ የሂውማን ሰርቪስ ባለሙያ ሲሆን፣ ለዚያ የሚጠየቀው በሂውማን ሰርቪስ መስክ ቢያንስ የባችለር ዲግሪ ነው። አሥር ዓመት በተንከባካቢነት የሠራ ሰው አንደኛውን አሥር ጊዜ አሟልቷል፤ የቀረው ሁለተኛው ነው። አዲስ የመጣ ወጣት ዲግሪ ይዞ አለቃው ሲሆን እያየ የሚያዝን ሰው፣ ያዘነበት ነገር ምን እንደሆነ በደንቡ ውስጥ ተጽፎ ያገኘዋል።

ሁለተኛው ጥቅም ቋንቋችን ነው። የዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ከ2004 ጀምሮ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ በደንብ ለማይችል ባለጉዳይ በቋንቋው እንዲያገለግሉ የሚያስገድድ ሲሆን፣ አማርኛ ከሕጉ ዋና ዋና ቋንቋዎች አንዱ ነው። በአርሊንግተን ቨርጂንያ የሚገኘውና በ1983 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ልማት ምክር ቤት ደግሞ ከአሜሪካ ብሔራዊ የስደተኞች መልሶ ማቋቋሚያ ድርጅቶች አንዱ እስከ መሆን ደርሷል። አማርኛ፣ ትግርኛ ወይም አፋን ኦሮሞ የሚናገርና ዲግሪ ያለው ኬዝ ማኔጀር በእንዲህ ያለ ቦታ ዋጋ አለው። ስለ ደመወዙ ግን ሰውን ማታለል አልፈልግም። የፌደራሉ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ «የማኅበራዊና የሂውማን ሰርቪስ ረዳቶች» ብሎ በሚመድበው የመጀመሪያ እርከን ለመቀጠር በአብዛኛው የሚጠየቀው የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ነው፤ ባችለር ተምሮ በዚያው እርከን ላይ የሚቀር ሰው ወጪውን ለመመለስ ይቸገራል። ዲግሪው የሚከፍለው እንደ ኪው አይ ዲ ፒ፣ የፕሮግራም አስተባባሪና ሥራ አስኪያጅ ላሉ፣ ያለ ባችለር ለማይደረስባቸው ቦታዎች ሲውል ነው።

የርቀት ትምህርቱ ራሱ ምን ይመስላል?

አገር ቤት ርቀት የተማረ ሰው ሞጁል ተቀብሎ፣ ቤቱ አንብቦ፣ ቅዳሜና እሑድ ቲቶሪያል ገብቶ፣ በመጨረሻም ፈተና መቀመጡን ያስታውሳል። የአሜሪካው ከዚህ በጣም ይለያል። የፌደራሉ መንግሥት ለተማሪው የገንዘብ ድጋፍ የሚሰጠው ትምህርቱ በመምህሩና በተማሪው መካከል «መደበኛና ፍሬ ያለው ግንኙነት» ሲኖርበት ነው፤ ጽሑፍ ልኮ ፈተና መቀበል ብቻ የደብዳቤ ትምህርት ተብሎ በሌላ መዝገብ ይገባል። በዚህ ምክንያት የኦንላይን ክፍል በየሳምንቱ የሚገፋ ነው። በተለመደው አሠራር ተማሪው እስከ ረቡዕ ወይም ሐሙስ በውይይት ሰሌዳው ላይ የራሱን ጽሑፍ ያስገባል፣ እስከ እሑድ እኩለ ሌሊት ቢያንስ ለሁለት ተማሪዎች መልስ ይጽፋል፣ ንባቡን ይጨርሳል፣ የጽሑፍ ሥራውንም ያስረክባል። አንድ ሳምንት ያመለጠው ሰው በሚቀጥለው ሳምንት የሚጠብቀው ድርብ ሸክም ነው። «በፈለግሁት ሰዓት» የሚለው ማስታወቂያ የሚሠራው በሳምንቱ ውስጥ ብቻ ነው።

ሰዓቱን ቁጭ ብሎ ማስላት ከብዙ ጸጸት ያድናል። በአሜሪካ ልማድ አንድ ክሬዲት ማለት በ15 ሳምንት ሴሚስተር ውስጥ በየሳምንቱ አንድ ሰዓት የክፍል ትምህርትና ሁለት ሰዓት የግል ጥናት ነው። ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ እንግዲህ በሳምንት 9 ሰዓት ይወስዳል። ብዙ የኦንላይን ፕሮግራሞች ግን ያንኑ ኮርስ በ8 ሳምንት ጨምቀው ስለሚሰጡ፣ ሰዓቱ በሳምንት ወደ 17 ከፍ ይላል። በሳምንት 60 ሰዓት የሚሠራ ሰው እንዲህ ያሉ ሁለት ኮርሶችን ባንድ ላይ ከያዘ፣ እንቅልፉን ነው የሚከፍለው። ባችለሩ በአጠቃላይ ወደ 120 ክሬዲት፣ የሁለት ዓመቱ አሶሼት ወደ 60 ክሬዲት ስለሆነ፣ ክረምቱን ጨምሮ በዓመት ሦስት ጊዜ 6 ክሬዲት እየወሰዱ ባችለር ለመጨረስ ሰባት ዓመት ገደማ ይፈጃል፤ 9 ክሬዲት እየወሰዱ ከአራት ዓመት ተኩል ያነሰ። በየቤተሰቡ ያለው ሁኔታ ስለሚለያይ የትኛው እንደሚሻል መናገር አይቻልም፤ ለትዳር ጓደኛና ለልጆች ይህን ቁጥር ከመጀመሪያው ቀን ማሳየት ግን ግዴታ ይመስለኛል። ሌላም አለ፤ ሌሊት ነዋሪው ሲተኛ የሥራ ቦታ ላይ ለማጥናት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ አለቃውን በጽሑፍ ያስፈቅድ፣ በብዙ ቦታ የተከለከለ ነውና።

በትምህርቱ ውስጥ መግቢያ ኮርሶች፣ ሥነ ልቦና፣ ሶሲዮሎጂ፣ ስታቲስቲክስ፣ የማኅበራዊ ፖሊሲ፣ የኬዝ ማኔጅመንት፣ የቡድን ሥራ፣ የቀውስ ጊዜ እርዳታና የሙያ ሥነ ምግባር ይገኛሉ። ብዙዎቹ ማንበብና መጻፍ ናቸው፤ እንግሊዝኛው ያስቸግራል እንጂ የሚገርም ነገር የላቸውም። ለእኛ ሰው እንግዳ የሚሆነው የቃለ መጠይቅና የመርዳት ክህሎት የሚባለው ኮርስ ነው። በርቀት ሲሰጥ ተማሪው አንድ ሰው ባለጉዳይ ሆኖ እንዲቀርብለት ይለምንና የ15 ደቂቃ ንግግር በቪዲዮ ቀድቶ ለመምህሩ ይልካል። እኔ የቀዳሁት ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ነበር፤ ከሥራ የተባረረች እናት ሆና ትናገር ጀመር። ገና ችግሯን ሳትጨርስ «አይዞሽ፣ ያልፋል፣ እኔ የማውቀው አንድ መሥሪያ ቤት አለ» የሚለውን በእንግሊዝኛ አሳምሬ ተናገርኩ። መልካም የሠራሁ መስሎኝ ነበር። መምህሯ ከቪዲዮው 2ኛ ደቂቃ ከ40ኛ ሰከንድ አጠገብ አንድ ጥያቄ ብቻ ጽፋ መለሰችልኝ፦ «እዚህ ላይ እሷ ልትናገር የነበረው ምን ነበር?» መልሼ ስመለከተው ጓደኛዬ አፏን ከፍታ ነበር፤ «አይዞሽ» ስላት ዘጋችው።

በእኛ ባህል «አይዞሽ» የፍቅር ቃል ነው፤ ምክር መስጠትም የትልቅ ሰው ግዴታ ነው። ሽማግሌ የሚሰማው ሊፈርድ፣ ዘመድ የሚሰማው ሊያጽናና ነው። ይህ ሙያ የሚጠይቀው ግን ሌላ ዓይነት መስማት ነው፦ ሰውየው የተናገረውን በራስ ቃል መልሶ ማሰማት፣ በ«አዎ» ወይም በ«አይ» የማይመለስ ጥያቄ መጠየቅ፣ ዝምታን ሳይሞሉ መታገሥ፣ መፍትሔውንም ራሱ እስኪደርስበት መጠበቅ። ባህላችን ስሕተት ነው ማለቴ አይደለም፤ ለቅሶ ቤት «አይዞሽ» ሌላ የማይተካው ቃል ነው። ቢሮ ውስጥ ግን ሰውየው ሊናገር የመጣውን ሳይናገር እንዲሄድ ሊያደርግ ይችላል። ይህ ኮርስ በቪዲዮ መሰጠቱ እንደ ጉድለት ሲነገር እሰማለሁ፤ እኔ ግን በተቃራኒው ነው የማየው፤ ክፍል ውስጥ ቢሆን ኖሮ ያን አፍ መዘጋት ማንም መልሶ ሊያሳየኝ አይችልም ነበር።

ሌላው የእጅ ሥራ የሚመስል ክህሎት የመዝገብ አጻጻፍ ነው። «ባለጉዳዩ ሰክሮ መጣ» ብሎ መጻፍ ፍርድ ነው። «ባለጉዳዩ ከቀጠሮው 20 ደቂቃ ዘግይቶ መጣ፤ ሲናገር ቃላቱ ይያያዙ ነበር፤ ከአፉ የመጠጥ ሽታ ይሸት ነበር፤ ሲጠየቅ ሌሊቱን አልተኛሁም አለ» ማለት ግን የታየውንና የተሰማውን መመዝገብ ነው። ቃላት መያያዝ ከስኳር ሕመምም ሊመጣ ይችላልና፣ ሁለተኛውን ያነበበ ነርስ ደሙን ይለካል፤ የመጀመሪያውን ያነበበ ቀጠሮውን ይሰርዛል። ግሩፕ ሆም ውስጥ የየሺፍቱን ማስታወሻ ሲጽፍ የኖረ ሰው በዚህ በኩል ከማንም ተማሪ ይቀድማል፤ ይህን ሳያውቅ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሲቀመጥ ማየት ያሳዝነኛል። አንድ ጥንቃቄ ግን ያሻል፦ በውይይት ሰሌዳው ላይ ምሳሌ ሲሰጥ የሚንከባከበውን ሰው ስም፣ ዕድሜ፣ የቤቱን አድራሻ ወይም ሰውየውን የሚያስለይ ሌላ ነገር ፈጽሞ መጻፍ የለበትም። ክፍሉ የግል ይመስላል እንጂ ሃያ ሰው ያነበዋል፤ የነዋሪውም ምሥጢር በሕግ የተጠበቀ ነው።

ምሥጢር መጠበቅ በተለይ እኛን ይፈትነናል። የሥነ ምግባር ኮርሱ ድርብ ግንኙነት ስለሚባለው ነገር ሲያስተምር፣ ባለጉዳይህ ከሥራ ውጭ የምታውቀው ሰው እንዳይሆን ተጠንቀቅ ይላል። በአነስተኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ግን ረቡዕ ስለ ቤት ኪራይ እርዳታ ቢሮ የመጣችው እናት እሑድ ቤተ ክርስቲያን አጠገቤ ትቆማለች፣ በእድሩም ስሟ ከስሜ በታች ነው። ከዚህ መሸሽ ስለማይቻል መፍትሔው መነጋገር ነው፦ በመጀመሪያው ቀን «ውጭ ስንገናኝ እርስዎ ካልቀደሙኝ ሰላም አልልዎትም፤ ስለ ጉዳይዎም ከቢሮ ውጭ ከማንም ጋር አልነጋገርም፤ ቅር እንዳይልዎ» ብሎ መናገርና ለተቆጣጣሪ ማሳወቅ። ሰላምታ መንፈግ እንደ ስድብ በሚቆጠርበት ባህል ይህን አስቀድሞ አለመናገር ትልቅ ቅያሜ ያመጣል። ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ግዴታም አለ፤ በሕፃን ላይ ጥቃት ስለመፈጸሙ በቂ ጥርጣሬ ያለው የዚህ ሙያ ሠራተኛ በአብዛኛው በሕግ ሪፖርት የማድረግ ግዴታ አለበት፤ «ቤተሰቡን በሽምግልና እናስታርቅ» ማለት ግዴታውን አያስቀርም።

በኦንላይን የማይፈጸመው ክፍል

ከሁሉም በላይ ሊታወቅ የሚገባው የመስክ ልምምዱ ነው። ዲግሪው በርቀት ነው ቢባልም፣ በርቀት የማይሰጥ ቁልፍ ክፍል አለው፤ ተማሪው በአካባቢው በሚገኝ ድርጅት በአካል ተገኝቶ በተቆጣጣሪ ሥር ይሠራል። ለሂውማን ሰርቪስ ፕሮግራሞች ዕውቅና የሚሰጠውና በ1979 የተቋቋመው የሂውማን ሰርቪስ ትምህርት መመዘኛዎች ምክር ቤት በመለኪያው ለአሶሼት ቢያንስ 250፣ ለባችለር ቢያንስ 350 ሰዓት ያስቀምጣል። ለማነጻጸር ያህል፣ የሶሻል ወርክ ባችለር የሚጠይቀው ቢያንስ 400 ሰዓት ነው። 350ውን ሰዓት በሁለት ሴሚስተር ከፍሎ መሥራት ማለት በሳምንት ወደ 12 ሰዓት ማለት ነው፤ ድርጅቶቹ ደግሞ የሚሠሩት በአብዛኛው በቀን ነው፤ ክፍያውም ብዙ ጊዜ የለም። ለሦስት ዓመት ሌሊት ሥራቸውን ሳይለቁ ጥሩ ውጤት ይዘው የመጡ ሰዎች እዚህ ላይ ሲቆሙ አይቻለሁ፤ ትምህርቱ ከብዷቸው ሳይሆን ማክሰኞና ሐሙስ ከጥዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነፃ መሆን ስላልቻሉ ነው። ይህን የማይነግር መዝጋቢ ደግሞ ብዙ ነው፤ የሚያወራው ስለ መጀመሪያው ኮርስ ነው።

ስለዚህ ከመመዝገብ በፊት ለዲፓርትመንቱ የሚጻፍ ኢሜይል ያስፈልጋል። ልምምዱ ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ቦታውን ትምህርት ቤቱ ወይስ ተማሪው እንደሚፈልግ፣ ማታና ቅዳሜ የሚፈቀድ እንደሆነ፣ ተቆጣጣሪው ምን ዲግሪ ሊኖረው እንደሚገባ፣ ተማሪው በሚኖርበት ስቴት ፕሮግራሙ ተማሪ መቀበልና ልምምድ ማሠራት ይችል እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። የመጨረሻው ጥያቄ ትርፍ አይደለም፤ ስቴቶች በርቀት ትምህርት አንዱ የሌላውን ፈቃድ የሚቀበልበት ስምምነት ቢኖርም ካሊፎርንያ አባል አይደለችም። ልምምድ የሚሰጡት ድርጅቶች ደግሞ የጣት አሻራና የወንጀል መዝገብ ምርመራ፣ ብዙ ጊዜም የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ስለሚጠይቁ፣ ሴሚስተሩ ከመጀመሩ ሁለት ወር አስቀድሞ መጀመር ይበጃል።

ስለ ዕውቅናና ስለ ገንዘብ

ዕውቅና ሁለት ደረጃ አለው፤ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። አንደኛው የተቋሙ ዕውቅና ነው፤ እሱ ከሌለ የፌደራል ገንዘብ የለም፣ ክሬዲቱም ወደ ሌላ ኮሌጅ አይዛወርም፣ ማስተርስም አያስገባም። ይህን የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር የመረጃ ቋት ላይ የኮሌጁን ስም አስገብቶ በደቂቃ ማረጋገጥ ይቻላል። ሁለተኛው የፕሮግራሙ ዕውቅና፣ ማለትም ከላይ የጠቀስኩት የምክር ቤቱ ዕውቅና ነው፤ ግዴታ አይደለም፣ ብዙ ደህና ፕሮግራሞችም የላቸውም፤ ያለው ግን ትምህርቱ ሰዓቱንና ይዘቱን መጠበቁን ያሳያል። አቅሙ ላነሰ ሰው የእኔ ምክር በሚኖርበት ካውንቲ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ አሶሼቱን ጀምሮ ኋላ ወደ አራት ዓመቱ መዛወር ነው፤ የሚዛወረውን ክሬዲት ግን በቃል ሳይሆን ሁለቱ ኮሌጆች በተፈራረሙት የጽሑፍ ስምምነት ላይ አይቶ።

የገንዘብ ድጋፉ ማመልከቻ ፋፍሳ ነው። ዜጋና የግሪን ካርድ ባለቤት ሊያመለክት ይችላል፤ የጥገኝነት ጥያቄው ገና ያልተወሰነለት ሰው ግን የፌደራሉን አያገኝም። የማይመለሰው ፔል ግራንት ለ2025–26 የትምህርት ዘመን ከፍተኛው 7,395 ዶላር ሲሆን፣ በኦንላይን መማር አያስቀረውም። በዕድሜ ልክ የሚሰጠው ለ12 የሙሉ ጊዜ ሴሚስተር ያህል ብቻ ነው። ብድር የሚፈልግ ሰው ቢያንስ ግማሽ ጊዜ፣ በአብዛኛው 6 ክሬዲት፣ መመዝገብ አለበት። ሰውን ክፉኛ የሚጎዳው ደንብ ግን ስለማቋረጥ ያለው ነው፦ ሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳይሞላ ትምህርቱን ጨርሶ የተወ ተማሪ ከተሰጠው ገንዘብ የተወሰነው ይመለሳል፤ ኮሌጁም ያን ከፍሎ ተማሪውን ባለዕዳ ያደርገዋል። ዕዳው ሳይከፈል ደግሞ ብዙ ጊዜ በሚቀጥለው ሴሚስተር አያስመዘግብም። የጉልበት ማጣት ስሜት ሲመጣ ዝም ብሎ ከመጥፋት ይልቅ መጀመሪያ የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮውን ቀኑን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ አንዳንዴ የሁለት ሳምንት ትዕግሥት በሺሕ የሚቆጠር ዶላር ያተርፋል።

አገር ቤት ዲግሪ ይዞ ለመጣ ሰው ነገሩ ሌላ ነው፤ በዚህ ላይ የሚፈጸመው ስሕተትም ያንገበግበኛል። ከማንኛውም አገር ባችለር ያለው ሰው ፔል ግራንት አይሰጠውም፤ ዲግሪውን ደብቆ ማመልከትም ሐሰተኛ ቃል መስጠት ነው። ግን ሁለተኛ ባችለር ላያስፈልገው ይችላል! ከአዲስ አበባ፣ ከጎንደር ወይም ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ያገኘውን ዲግሪ እንደ ደብሊው ኢ ኤስ ባሉ ገምጋሚዎች አስመዝኖ ከአሜሪካ ባችለር ጋር እኩል ነው ከተባለለት፣ በቀጥታ ለሶሻል ወርክ ማስተርስ ማመልከት ይችላል። ሶሲዮሎጂ ወይም ሳይኮሎጂ ያጠና ከሆነም ለኪው አይ ዲ ፒ ቦታ ያስገመገመው ዲግሪ ሊበቃው ይችላል፤ ደንቡ ሁለቱንም በሂውማን ሰርቪስ መስክ ውስጥ በስም ይጠራቸዋልና። በአካውንቲንግ የተመረቀ እንኳ ማስተርሱን መሞከር አይከለከልም። ትራንስክሪፕቱ ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር በቀጥታ እንዲላክ ስለሚጠየቅና ይህም ወራት ስለሚወስድ፣ አገር ቤት ጉዳዩን የሚከታተል ዘመድ በውክልና ማዘጋጀት አስቀድሞ የሚሠራ ሥራ ነው።

ልምምዱን ከሥራ ጋር ለማጣጣም አንድ መንገድ አለ፤ እኔንም ያስመረቀኝ እሱ ነው። አንዳንድ ፕሮግራሞች ተማሪው በተቀጠረበት ድርጅት ውስጥ እንዲለማመድ ይፈቅዳሉ፤ ቅድመ ሁኔታው የልምምዱ ሥራ ከመደበኛ ሥራው የተለየ እንዲሆንና ተቆጣጣሪውም የዕለት አለቃው እንዳይሆን ነው። ሌሊት እንከባከባቸው የነበሩ ሰዎች የዕቅድ ስብሰባ በቀን ይካሄድ ስለነበር፣ ድርጅቱ ማክሰኞ ማክሰኞ ከኪው አይ ዲ ፒዋ ጋር እንድቀመጥ ፈቀደልኝ። በመጀመሪያው ስብሰባ ለስምንት ዓመት ማታ ማታ እግሩን የማጥበው ሰው ጠረጴዛው ራስ ላይ ተቀምጦ ነበር። ኪው አይ ዲ ፒዋ በዚህ ዓመት ምን ማድረግ እንደሚፈልግ ጠየቀችውና ዝም አለች። እኔ መልሱን የማውቅ መስሎኝ አፌን ልከፍት ስል ታገሥኩ። ከረጅም ጊዜ በኋላ በሜትሮ ባቡር መሄድ እንደሚፈልግ ተናገረ። በስምንት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄው አላውቅም ነበር፤ በዕቅዱም ላይ «ባቡር» የሚለውን ቃል የጻፍኩት እኔ ነኝ።